የጋሽ ወልደ ሚካኤል ግራ እግር

አምሃ እጁን ከቡትሱ ውስጥ ሲያወጣው ሁለት ጣቶቹ እርጥብ ሆነዋል። መጀመሪያ የዝናብ ውኃ መሰለው። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የሰው ጫማ ሁሉ ርሷል። ከዛ ጣቶቹን ወደ መብራቱ አስጠጋቸው። ቀይ ናቸው።

"ምነው?" አለው ክብረት።

ክብረት ማለት ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ ጫማ የሚደረድረው ሰውዬ ነው። ሃምሳ ምናምን ዓመቱ ነው፣ ካናዳ ከገባ ስምንት ወሩ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ጫማ ደርድር ብሎ ያዘዘው የለም። እሁድ እሁድ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ሰው እያወለቀ የሚበታትነውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እያገናኘ ያስቀምጣል። በቃ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም።

"ምንም" አለ አምሃ፣ ጣቶቹን ጂንሱ ላይ እየጠረገ። "ስፌቱን እያየሁ ነው።"

"እየው እንጂ! የእጅህ ሥራ አይደል? ጋሽ ወልደ ሚካኤል እኮ በዚህ ቡትሳቸው መቀመጫ አሳጡን። 'ይሄን አያችሁ? ይሄን ነካችሁ?'" ክብረት ሳቀ። "እኔ ራሴ እንደ እንቁላል ነው የምይዘው።"

ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል። አምሃ እንደ ልማዱ አርፍዶ ነው የመጣው፣ ገብቶ ከኋላ መቆም ሲገባው መደርደሪያው ጋ የቆመው ለፎቶ ነበር። አሠሪው ሩሀማ "ሦስት ሳምንት ከተደረገ በኋላ ቆዳው ምን እንደሚመስል አንስተህ ላክልኝ" ብላው ነበር። የግራው ቡትስ ባቱ ጋ ተጣጥፎ አገኘው፣ ቀና ሊያደርገው እጁን ከተተ። ሌላ ምንም አላሰበም።

ቡትሱን ብታዩት! የእውነት ካውቦይ ቡትስ ነው። ቡናማ የጥጃ ቆዳ፣ አፍንጫው ሾል ያለ፣ ታኮው ወደ ኋላ ዘመም ያለ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት በቀይና በክሬም ክር ስድስት ረድፍ ተሰፍቷል፣ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ። ከላይ ለመሳቢያ የተሠሩ ሁለት ጆሮዎች አሉት፣ ከአንደኛው በታች በውስጥ በኩል በትንሽ ማኅተም የተመታ ስም አለ። አምሃ። በአማርኛ ፊደል። ከአራት ዓመት ሥራ በኋላ ሩሀማ ስሙን እንዲመታበት የፈቀደችለት የመጀመሪያው ጥንድ ይሄ ነው።

እና አሁን እዛው ስሙ ያለበት ቡትስ ውስጥ ደም አለ።

እጁን መልሶ ከተተ። ጫማ ሠሪ የተለበሰ ጫማ ውስጥ እጁን ሲከት እንደ ማንበብ ነው፣ እግሩ የት እንደሚጫን፣ የት እንደማይነካ በጣቱ ያውቀዋል። አምሃ ያነበበውን ማመን አቃተው። የእግር ጣቶቹ ያሉበት ቦታ አምስት ጉድጓድ መኖር ነበረበት፤ ያለው አንድ ነው፣ ሁሉም ጣቶች ተጨብጠው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። መሐሉ ላይ መነሳት የነበረበት ውስጥ እግር ተዘርግቶ ተኝቷል። በውጪ በኩል ደግሞ ገበሩ ከስፌቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ፣ እርጥቡ እዛ ነው።

የቀኙን ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ደህና እግር ነው።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ሩሀማ ናት። የሷ ቸርች ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ነው፣ ገና ስብከት አልጀመሩም መሰለኝ፣ "ፎቶውስ?" ብላ ጽፋለች።

አምሃ የቀኙን ብቻ አነሳና ላከላት።

"ቆንጆ! ግራውስ?"

አምሃ "ያው ነው" ብሎ ጻፈ።

ይሄ ለሷ ሁለተኛው ውሸቱ ነው። የመጀመሪያውን ልንገራችሁ።

የሩሀማ ሱቅ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ላይ ነው፣ በአንድ በኩል የጃማይካ ዳቦ ቤት፣ በሌላ በኩል ፀጉር ቤት። መንገዱ ለባቡር ተብሎ ስንት ዓመት ሲቆፈር፣ አጥር ከበሯ ፊት ቆሞ ደንበኛ ድራሹ ሲጠፋ እንኳን አልዘጋችም። ጫማ በማደስ ነው የጀመረችው፣ አሁን ግን ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ እየነዳ የሚመጣው ለካውቦይ ቡትሷ ነው፣ ወንዱም ሴቱም። አንድ ሕግ አላት፦ እግር ሳናይ ጫማ አንሠራም። ደንበኛው ማንም ይሁን ማን ካልሲውን አውልቆ ነጭ ወረቀት ላይ ይቆማል። እግሩ ዙሪያውን በእርሳስ ይሳላል፣ በሜትር አራት ቦታ ይለካል፣ ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው። ከዛ ደንበኛው ራሱ ስሙን ይጽፍበትና ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

ከሦስት ወር በፊት የጋሽ ወልደ ሚካኤል የመጨረሻ ልጅ ኤፍራታ ስምንት ጥንድ አዘዘች። ልታገባ ነው፣ ሙሽራው ያደገው ካልጋሪ ነው። እዛ ደግሞ የበጋው ፌስቲቫል ሲደርስ ሐበሻውም ሳይቀር ካውቦይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሚዜዎቹ በሙሉ ቡትስ ያድርጉ ተባለ፣ ለሙሽሪት ነጭ። እጇን ይዘው አዳራሽ የሚያስገቧት አባቷ ናቸውና ለሳቸውም ይሠራላቸው አለች። ይሄን የሰሙ ቀን ጋሽ ወልደ ሚካኤል ልጅ ሆኑ። በወጣትነታቸው የካውቦይ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ አንድም አምልጧቸው አያውቅም። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ያደረጉት አንድ ዓይነት ጫማ ነው፣ የመጋዘን ሥራ ጫማ፣ አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት።

ሊለኩ ሲመጡ ሩሀማ ቆዳ ልታይ ወጥታ ነበር። አምሃ ወረቀቱን መሬት ላይ አነጠፈና ፊታቸው ተንበረከከ።

"ካልሲዎን ያውልቁልኝ ጋሼ።"

"ካልሲውን?"

"አዎ፣ በባዶ እግር ነው የምንለካው።"

ጋሽ ወልደ ሚካኤል እግራቸውን ወንበሩ ስር ሰብሰብ አደረጉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፣ ፈገግታው ግን አልመጣም። "ይቅርብህ ልጄ። የሽማግሌ እግር ምን ይታያል? ይልቅ ይኸው ጫማዬ። በሱ ልክ ሥራው።"

አምሃ "አይሆንም" ሊል አፉን ከፈተ። ከዛ ትዝ አለው። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሳው ነገር ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረው ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸዋል።

ምን ይበል? እኚህ ሰው እኮ መኪና መንዳት ያስተማሩት ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በራሳቸው መኪና፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ። ፈተናውን ሦስቴ ወድቆ አራተኛው ላይ ሲያልፍ ከሱ በላይ የጮኹት እሳቸው ነበሩ። አሁን ያወልቁ ብሎ ይጨቅጭቃቸው?

"እሺ ጋሼ" አለ።

የአሮጌ ጫማቸውን ውስጥ ገበር አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና ዙሪያውን ሳለው። ሜትሩን በካልሲው ላይ አዞረ፣ እሱንም የቀኙን ብቻ። ለግራውም ያንኑ ቁጥር ጻፈ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በዛ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው ስማቸውን ጻፉበት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

ሩሀማ ስትመለስ ወረቀቱን አነሳች።

"እግራቸውን አየህ?"

"አየሁ።"

"ግራና ቀኙ አንድ ነው? እኩል እግር ያለው ሰው አይቼ አላውቅም እኮ።"

"የሳቸው እኩል ነው" አለ አምሃ።

ሰቀለችው። አለቀ።

የሞከሩት ቀን ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ፣ ታኮው ቋ ቋ ሲል ደረታቸው ተነፋ። "ልክክ ነው!" አሉ። "እንዳደረግኩት እንኳን አይሰማኝም!" አምሃም ደስ አለው። ማመን ፈልጎ ነበራ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ስኳር እንዳለባቸው ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እንደሚደነዝዝም ያውቃል። ባለፈው ክረምት አንድ ጃማይካዊ ሽማግሌ ሱቅ መጥቶ ቀኝ ጫማ ብቻ ነበር ያዘዘው። ሩሀማ "ግራውስ?" ስትለው "ቆረጡት" አላት። "ምስር የምታህል ቁስል ነበረች። አልተሰማኝም" አላት።

አምሃ መደርደሪያው ጋ እንደቆመ ይሄ ሁሉ ነው ጭንቅላቱ ውስጥ የተራወጠው። ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ወልደ ሚካኤል ወጥተው ያቺን ወንበር ይይዙና ይሄን ቡትስ ያጠልቁታል፣ ስቀው፣ ለሰው እያሳዩ። ሠርጉ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ እስከዛ በየቀኑ ያደርጉታል። ምን ብሎ ያስቁማቸው? "ቡትስዎ ውስጥ ደም አየሁ" ቢላቸው እግራቸውን አየሁት ማለት ነው። አርባ ምናምን ዓመት የደበቁትን፣ በር ላይ፣ ሰው መሐል።

ክብረት "ቅዳሴው ሳያልቅ ገብቼ ልሳለም" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

እና አምሃ ምን አደረገ መሰላችሁ? ግራውን ቡትስ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። በዝናቡ ሮጠ፣ የመኪናውን ኋላ ከፈተ፣ ቡትሱን ወረወረና ዘጋው። ተመልሶ ገባ። ከኋላ ቆመ። ከፊት ለፊቱ ጋሽ ወልደ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ በጥቁር ወፍራም ካልሲ። ክብደታቸውን ሁሉ ቀኝ እግራቸው ላይ ጥለውታል። ሁልጊዜም እንደዛ ነበር የሚቆሙት። አምሃ ከዛሬ በፊት አላየውም።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕዝቡ ሁሉ ፖሊስ ይሆናል።

"ያለቦታው ተቀምጦ ይሆናል፣ ታች እዩ!"

"ጥንድ ቢሰርቅ ይገባኛል። አንድ እግር ሰርቆ ምን ሊሠራበት ነው?"

"አንድ እግር ያለው ሌባ ነዋ!"

ሳቁ። ጋሽ ወልደ ሚካኤልም ሳቁ፣ የቀኙን ቡትስ እንደ ሕፃን ታቅፈው። "ድሮም ያሳሰረኝ ግራው ነው" አሉ። "አሁን ደግሞ ግራዬን ሰረቁኝ። ይሄ ሌባ ፖለቲካ ያውቃል!"

ከሁሉም በላይ መሳቅ የነበረባቸው ባለቤታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ነበሩ፣ ሳቂታ ናቸው። ዛሬ ግን አምሃን ነበር የሚያዩት።

ያልሳቀ ሌላው ክብረት ነው። ሦስት ጊዜ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈትሿል፣ የልጆቹን ጫማ ሳይቀር ገልብጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ። "ትቼ ባልገባ ኖሮ... ጋሼ፣ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ።"

"ምን ልትከፍል! አንተን ማን ጠየቀህ?"

"ሰው ምን ይላል? መጤው መጥቶ ጫማ ጠፋ አይባልም?"

"ማንም አይልም" አለ አምሃ።

"አንተ ጥሩ ልጅ ስለሆንክ ነው" አለው ክብረት። የራሱን ነጠላ ጫማ ከቦርሳው አወጣና ጋሽ ወልደ ሚካኤል እግር ስር አስቀመጠ። "በዚህ ይሂዱ። ዝናብ ነው።"

አምሃ ያኔ ቢናገር ነበር የሚሻለው። መናገር ነበረበት። ግን የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ "እኔ አደርሳችኋለሁ" አለ።

ኢስት ዮርክ ቤታቸው እስኪደርሱ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከፊት ተቀምጠው፣ የቀኙን ቡትስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ድሮው መንዳት ያስተምሩታል።

"ሌን ስትቀይር በትከሻህ ዞረህ እይ። መስታወት ብቻ አትመን።"

"እሺ ጋሼ።"

"አምሃዬ፣ ያ ወረቀት አለ አይደል? የእግሬ ወረቀት?"

"አለ።"

"ታዲያ ምን ችግር አለ! በዛው ልክ ግራውን ብቻ ትሠራልኛለህ። ለዓርብ ይደርሳል?"

አምሃ መሪውን ጨበጠ። "ጋሼ... ልኩ ግን ደህና ነበር? ግራው አልጠበበዎትም?"

"ምን ይጠበኛል!" ጋሽ ወልደ ሚካኤል ቡትሱን በመዳፋቸው አሻሹት። "ስማ፣ እኔ እኮ ለልጄ ሠርግ ምን አድርጌ እንደምቆም ሳስብ ነው የከረምኩት። ሱፍ እንኳን አይደለም የጨነቀኝ፣ ጫማ ነው። ያንን ሳደርገው ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ ሰው የተራመድኩ ያህል ተሰማኝ። በዛው ልክ። አንዲት ስፌት እንዳትለውጥ።"

በመስታወቱ ውስጥ የእትዬ ጸሐይወርቅ ዓይን ከአምሃ ዓይን ጋር ተጋጨ።

የሚኖሩት ስድስተኛ ፎቅ ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል አረፍ እንኳን ሳይሉ መታጠቢያ ቤት ገቡና በሩን ቆለፉት። ውኃው ተከፈተ። እትዬ ጸሐይወርቅ አምሃን በእጁ ይዘው ወጥ ቤት አስገቡት፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ አቆሙት።

"የት አስቀመጥከው?"

"ምኑን?"

"አንተ ልጅ፣ እኔን አታሞኘኝ። ጃኬትህ ዝናብ ጠግቧል። አርፍደህ ስትመጣ በበሩ አይቼሃለሁ፣ እንደገና ለምን ወጣህ?"

አምሃ አንገቱን ደፋ። "መኪናዬ ኋላ ነው።"

ይጮኹብኛል ብሎ ጠበቀ። እትዬ ጸሐይወርቅ ግን ግንባሩን ሳሙት።

"እግዜር ይስጥህ። እኔ ራሴ ልጥለው ስንት ቀን አስቤ ፈራሁ። ካልሲውን ራሱ አጥቦ ራሱ ይደብቃል፤ ማክሰኞ ቆሻሻ ውስጥ አገኘሁት፣ ደም ነው። አርባ ዓመት በትዳር ኖርን አይደል? ያንን እግር በብርሃን አይቼው አላውቅም። ሲተኛ ካልሲ አያወልቅም። ለሐኪሙ እንኳን ቀኙን ነው የሚያሳየው።"

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አልለካሁትም። የቀኙን ለክቼ ለግራው ጻፍኩት።"

"አውቃለሁ። አላሳይ ብሎህ ነው።"

"መጠየቅ ነበረብኝ።"

"እኔስ? አርባ ዓመት ያልጠየቅኩት?" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "አሁን ስማኝ። ሰፋ አድርገህ ሥራለት። ውስጡን ለስላሳ ቆዳ አልብስለት፣ ያው ነው በለው። እሱ ልዩነቱን አያውቅም።"

"ቁስሉስ?"

"ከሠርጉ በኋላ እኔ በዘዴ ሆስፒታል አስገባዋለሁ።"

"እትዬ፣ ስድስት ቀን እኮ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ፣ ምስር የምታህል..."

"ከሠርጉ በፊት ከነገርከው ይሰበራል። ልጁን ይዞ መግባቱ ይቀራል፣ አልወጣም ይላል፣ አውቀዋለሁ። አንድ ቃል እንዳትናገር።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "በሞቴ።"

በሞቴ ከተባለ ምን ይባላል? አምሃ ራሱን ነቀነቀ። ስኒከሩን አጥልቆ ወረደ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አላስነሳም። ነገሩ እኮ ቀላል ነው፣ እትዬ ጸሐይወርቅ መንገዱን ጠርገውለታል። ነገ ሱቅ ይገባል፣ ሰፋ አድርጎ አንድ ግራ ይሠራል፣ ስሙን ይመታበታል። ሩሀማ አታውቅም። ክብረት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረሳዋል፣ ወይም ላይረሳው ይችላል። ቅዳሜ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ቋ ቋ እያሉ አዳራሽ ይገባሉ፣ ሰው ያጨበጭባል። አምሃንም ያመሰግኑታል፣ በማይክ። ልክ እንደ ሦስት ወር በፊቱ ነው። ያኔም ያከበራቸው መስሎት "እሺ ጋሼ" ብሎ ነበር።

ስልኩን አወጣ።

"ሩሀማ፣ እግራቸውን አላየሁም። ዋሽቼሽ ነው።"

ስብከት ላይ ናት፣ አላየችውም ብሎ ሊያስቀምጠው ሲል በራ።

"አሁን እይ።"

ሁለት ቃል። ስድብ የለው፣ ምን የለው። ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

ወርዶ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ቡትሱ በጎኑ ተኝቷል። አጠገቡ ደንበኛ ቤት ድረስ ሄዶ ሲለካ የሚይዘው የተጠቀለለ ነጭ ወረቀት፣ ሜትርና እርሳስ አለ። ሁሉንም ያዘ።

እትዬ ጸሐይወርቅ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ቡትሱን አዩ፣ ከዛ ወረቀቱን።

"በሞቴ ብዬህ!" በሹክሹክታ ነው፣ ግን እንደ ጩኸት።

"ያኑርዎት እትዬ" አለ አምሃ። አልፏቸው ገባ። ስኒከሩን አወለቀ። ትንሽ አሰበና ካልሲውንም አወለቀው፣ ሁለቱንም። መታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ነጩን ወረቀት አነጠፈ። ቡትሱን ከአንዱ ጫፍ አቆመው። እሱ በሌላው ጫፍ ባዶ እግሩን መሬት ተቀመጠ።

ውኃው አሁንም ይወርዳል። እትዬ ጸሐይወርቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ በሌላው "ውጣ፣ ውጣ" እያሉት ነው። ገና ጊዜ አለው። ወረቀቱን ጠቅልሎ መነሳት ነው፣ ሁለት እርምጃ ነው።

ውኃው ቆመ።

ከበሩ ጀርባ ጋሽ ወልደ ሚካኤል አንድ ጊዜ በቀስታ አቃሰቱ፣ ማንም የማይሰማቸው ሰው እንደሚያቃስት። ከዛ እርምጃቸው ወደ በሩ ቀረበ። የሆነ ነገር ሰምተዋል።

"ጸሐይ?" አሉ። "ማነው እዛ?"

እትዬ ጸሐይወርቅ አምሃን ያዩታል። አምሃ ወረቀቱን ያያል፣ ቡትሱን ያያል፣ የበሩን እጀታ ያያል።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትመልሱላቸው ነበር?